ቀን ቆራጮችና እስራኤል፤ ከካርቱም ሲታይ

(ካርቱም ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች በግንቦት 2013 ዓ.ም. የተሰማ ዲስኩር)



ሥራ ውላችሁ፣ ከጅሬፍም ከደይምም በረክሻ ተጨናንቃችሁ፣ መብራት በሄደበት ሰዓት መጥታችሁ ስለተቀመጣችሁ አመሰግናለሁ። ጄኔሬተሩ ድምፄን ከዋጠው «አልተሰማም» በሉኝ።

የዛሬውን ርእስ የመረጠው ስልካችሁ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። ከግንቦት 2 ጀምሮ እስራኤልና ጋዛ አሥራ አንድ ቀን ሲታኮሱ በቴሌግራምና በዩቲዩብ ያልተላከልኝ ስብከት የለም። አንዱ ጎግና ማጎግ ተነሡ ይላል። ሌላው አማኞች ወደ ሰማይ የሚወሰዱበት ንጥቀት ከመከራው በፊት ስለሆነ ሻንጣችሁን እሰሩ ይላል። ሌላው ደግሞ «የለም፣ መከራውን ሳንቀምስ አንሄድም» ብሎ ይከራከረዋል። ከእኛ ከተዋሕዶዎቹ ወገን ያለው ደግሞ «ስምንተኛው ሺህ ይኸው ነው» ብሎ በአንድ ቃል ይዘጋዋል። እዚህ አዳራሽ ውስጥ አራቱም ዓይነት ሰው እንዳለ አውቃለሁ፤ አጠገብ ለአጠገብ መቀመጣችሁም ደስ ብሎኛል።

የምለው አንድ ነገር ነው። ጌታ ይመጣል ብሎ መጠበቅ ሁላችንም የተጠመቅንበት እምነት ነው። ቀን መቁረጥና በቆረጡት ቀን ላይ የአንድን ሕያው ሕዝብ ስም መጻፍ ግን ሌላ ነገር ነው። እሱ ከእኛ አገርና ከዚህች ከተማ ብዙ ነፍስ የበላ ልማድ ነው። ይህንን ከመጽሐፍም ከታሪክም አሳያችኋለሁ። ዓመት ስጠራ በእኛ አቆጣጠር ካልሆነ «በፈረንጅ» እላለሁ።

ከመጽሐፉ እንጀምር። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ አንድ ላይ ደቀ መዛሙርቱ ጌታን በደብረ ዘይት የጠየቁት የመጨረሻ ጥያቄ ምን ነበር? ለእስራኤል መንግሥትን የምትመልሰው አሁን ነው ወይ ነው ያሉት። ልብ በሉ፤ ሰሞኑን እየተጨቃጨቅንበት ያለው ሁለቱም ነገር በዚያች በአንዲት ጥያቄ ውስጥ አለ፤ መቼ የሚለውም፣ እስራኤል የሚለውም። መልሱን ታውቁታላችሁ። ዘመኑን ማወቅ የእናንተ አይደለም አላቸው፤ ሥራ ሰጣቸው፤ ከፍ ከፍ አለ። የእስራኤልን ነገር «ተረሱ» አላለም፣ «በዚህ ቀን»ም አላለም። እኔ እስከ ዛሬ ካየኋቸው የትንቢት ሰንጠረዦች አንዱ እንኳ ከዚህ መልስ ጋር ሲስማማ አላየሁም።

ቀጥሎ ምዕራፍ ስምንት። የሕንደኬ ጃንደረባ ኢየሩሳሌም ሰግዶ ሲመለስ በሠረገላው ላይ ኢሳይያስን ያነብ ነበር። ሕንደኬ የሜሮዌ ንግሥታት የማዕረግ ስም ነው፤ ሜሮዌ ደግሞ ከተቀመጥንበት ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ብትነዱ ፒራሚዶቿ በአሸዋው ላይ ቆመው የምታገኟት ናት። እኛ «የእኛ ነው» እንላለን፣ ሱዳኖች «የእኛ ነው» ይላሉ፤ እሱን እንተወው። የሚገርመኝ የጠየቀው ጥያቄ ነው። ነቢዩ ይህን የሚናገረው ስለ ራሱ ነው ወይስ ስለ ሌላ ሰው ብሎ ፊልጶስን ጠየቀ። ትንቢት የሚያነብ ሰው አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባው ይህንኑ ነበር፤ ስለ ማን ነው? እኛ ግን ስለ እኛ መሆኑን እርግጠኛ ሆነን ነው የምንከፍተው፤ ደስ የሚለውን ብቻ እየመረጥን። ኢትዮጵያ እጆቿን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች የሚለውን መዝሙር በየቤታችን ግድግዳ ላይ ሰቅለናል። ሕዝቅኤል 38 ላይ ከጎግ ጋር ተሰልፋ የምትመጣውም ያቺው በዚያው ስም የተጠራች አገር ናት፤ እሷን የሰቀለ ቤት ግን እስከ ዛሬ አላየሁም። በፈረንጅ 2011 ደቡብ ሱዳን ነፃ ስትወጣ ብዙ ደቡብ ሱዳናውያን ክርስቲያኖች ኢሳይያስ 18ን ስለ እኛ የተጻፈ ነው ብለው በእልልታ አነበቡት። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላ እርስ በርስ ጦርነት ገቡ። ሰዎቹን ለማሽሟጠጥ አይደለም ይህን የማነሣው፤ የኛን ሕመም በእነሱ ስላየሁ ነው።

አሁን ወደ ክርክሩ ልግባ፤ ብዙ አልቆይበትም። በቀደመችው ቤተ ክርስቲያን ክርስቶስ በምድር ሺህ ዓመት ይነግሣል ብለው ቃሉን እንደ ወረደ የተረጎሙ እንደ ዮስጢኖስና ሄሬኔዎስ ያሉ ትልልቅ አባቶች ነበሩ። በኋላ እነ አውግስጢኖስ ሺሁ ዓመት ምሳሌ ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ዘመን ነው አሉ። የእኛም የተዋሕዶ ትርጓሜ የሚሄደው በዚሁ መንገድ ነው። ዛሬ በስልክ የሚመጣው ግን አዲስ ነው። ከመከራው በፊት በስውር ንጥቀት አለ፣ ቤተ ክርስቲያንና እስራኤል ሁለት የተለያዩ ሕዝቦች ናቸው፣ እስራኤል የእግዚአብሔር ሰዓት ናት የሚለው ትምህርት መልክ የያዘው በጆን ኔልሰን ዳርቢ ነው፤ በፈረንጅ በ1830ዎቹ። በፈረንጅ 1909 የስኮፊልድ መጽሐፍ ቅዱስ በኅዳግ ማስታወሻው ዓለም ላይ በተነው። በፈረንጅ 1970 ሃል ሊንድሴ ልቦለድ በመሰለ መጽሐፍ ለሕዝብ ሁሉ አዳረሰው። ለመካነ ኢየሱስ ወንድሞቼ አንድ ነገር ላስታውሳችሁ፤ ቤተ ክርስቲያናችሁ የምትቀበለው የአውግስበርግ እምነት መግለጫ አሥራ ሰባተኛው አንቀጹ ከትንሣኤ በፊት ጻድቃን በምድር ይነግሣሉ የሚለውን ትምህርት ይቃወማል። በፈረንጅ ከ1530 ጀምሮ። ስለዚህ የንጥቀቱን ሰንጠረዥ የምትከራከሩለት ከእናት ቤታችሁ ጋር ጭምር ተጣልታችሁ ነው።

ሊንድሴን የተከተሉት ሰዎች አንድ ትውልድ አርባ ዓመት ነው፣ እስራኤል በፈረንጅ 1948 ተመሠረተች፣ ስለዚህ 1988 ብለው ደመሩ። ኤድጋር ዊዝናንት የሚባል አሜሪካዊ ምክንያቱን ሰማንያ ስምንት አድርጎ መጽሐፍ አወጣ፤ ንጥቀቱ በፈረንጅ ከመስከረም 11 እስከ 13 ነው አለ። በእኛ 1981 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ ቀን ማለት ነው፤ አበባይሆሽ የሚሉ ልጆች ደጅ ላይ ቆመው። በዚያው ክረምት፣ በ1980 ሐምሌ መጨረሻ፣ ካርቱም ላይ ለአንድ ቀንና ሌሊት ያላቋረጠ ዝናብ ወርዶ የጭቃ ቤቶች እንደ ስኳር ሟሙተው ሰው ሁሉ መንገድ ላይ ወጣ። በዚያ ጊዜ እዚህ የነበራችሁ አላችሁ፤ የዓለም ፍጻሜ ይመስል እንደነበር ትነግሩናላችሁ። ከሰማንያ ስምንቱ ምክንያቶች አንዱም ካርቱምን አልጠቀሰም። ለዚያ ዓይነቱ ትንቢት ካርቱም ቦታም አይደለችም።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ሰው ቤት የምትሠራ እኅት «ጋሼ፣ ንጥቀቱ ከደረሰ ለእናቴ ቤት ማሠሪያ የማጠራቅመውን ልተወው ወይ?» አለችኝ። የመኖሪያ ፈቃዷን፣ ኢቃማዋን፣ ለማደስ ስትሮጥ የከረመች ልጅ ናት። ላኪ አልኳት። ጳውሎስም ተሰሎንቄዎች ጌታ ሊመጣ ነው ብለው ሥራ ሲፈቱ የማይሠራ አይብላ ብሎ ነው የጻፈላቸው። በሰው አገር ሆኖ በመጠበቅ የሚኖር ሰው፣ ወረቀት የሚጠብቅ፣ ጉዳዩ እስኪታይ የሚጠብቅ፣ ሊቢያ ልሂድ ልቅር የሚል ሰው፣ ቀን ለሚቆርጥለት ሰባኪ ቶሎ ይማረካል። ሰባኪዎቹም ያውቁታል።

እኛ ተዋሕዶዎችም ብንሆን ከዚህ የጠራን አይደለንም። ስምንተኛው ሺህ የምንለውን አስሉት። ከዓለም ፍጥረት እስከ ክርስቶስ ልደት 5500 ዓመት ይላል ባሕረ ሐሳባችን። ዘንድሮ 2013 ነው፤ ተደምሮ 7513። ስለዚህ ስምንተኛው ሺህ የገባው ገና በ1501 ዓ.ም. ነው። ዐፄ ናዖድ ስምንተኛውን ሺህ አታሳየኝ ብሎ ይጸልይ እንደነበር ይተረካል፤ በ1500 ክረምት፣ ሰባተኛው ሺህ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው አረፈ። እሱ ካረፈ በሃያ አንድ ዓመቱ ሽንብራ ኩሬ ላይ ግራኝ አሕመድ ዐፄ ልብነ ድንግልን ድል ሲያደርግ «ይኸው» ያላለ ሰው አልነበረም ብዬ እገምታለሁ። ዓለም ግን አላለቀም። ከዚያ ወዲህ አምስት መቶ አሥራ ሦስት ዓመት በስምንተኛው ሺህ ውስጥ ኖረናል። አጭር ቀሚስ ባየን ቁጥር ነው እንደ አዲስ የሚገባብን።

እስራኤልን በሚመለከት ደግሞ ክብረ ነገሥት ጽላቱም ክብሩም ከኢየሩሳሌም ወደ አክሱም መጥቷል አለን። ውብ መጽሐፍ ነው፤ አገር አቁሟል። ነገር ግን እስራኤል እኛ ከሆንን፣ አጠገባችን ኦሪትን የሚጠብቁት ጎረቤቶቻችን ምን ይሁኑ? በአሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት በዐፄ ይስሐቅ ዘመን ያልተጠመቀ ርስት አይኑረው ተባለ። ቤተ እስራኤል ርስት አልባ ሆኑ፤ ብረት ቀጥቅጠው፣ ሸክላ ሠርተው ኖሩ፤ እኛም የቀጠቀጡትን ማረሻ እየገዛን ቡዳ አልናቸው። የሌላውን ስም ወስዶ ባለ ስሙን ማሳደድ ማለት ይህ ነው።

ከዚያ ፈረንጁ በሌላ በኩል መጣ። እዚህ ላይ ታገሡኝ፤ ዛሬ የማወራው ዋናው ነገር እዚህ ነው። በፈረንጅ 1809 ለንደን ውስጥ አይሁድን ወደ ክርስትና የሚያመጣ ማኅበር ተቋቋመ። ከመሪዎቹ ብዙዎቹ አይሁድ ወደ ምድራቸው ሲመለሱና ሲያምኑ ጌታ ይመጣል የሚል ተስፋ ነበራቸው። ከዚያው ክበብ የወጣ ዮሴፍ ዎልፍ የሚባል የራቢ ልጅ፣ ክርስቲያን የሆነ ዐዋቂ መንገደኛ፣ ጌታ በፈረንጅ 1847 ይመጣል ብሎ እየሰበከ እስያን አካለለ። በፈረንጅ 1836 ዐድዋ ደረሰ፤ ታምሞ የተኛውን ሚሲዮናዊ ሳሙኤል ጎባትን ይዞት ወጣ። 1847 በፈረንጅ ምንም ሳይሆን አለፈ። (ቁጥር ለምትወዱ፦ በእኛ 1847 የካቲት ካሳ ኃይሉ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ፤ ፍካሬ ኢየሱስ የተባለው መጽሐፍ የተናገረለት ንጉሥ ነኝ ብሎ፣ ኢየሩሳሌምን ሊያስለቅቅ እያለመ። እሱም በበኩሉ በትንቢት የተጠራ ሰው ነበር።) ጎባት ከሞት ተርፎ በኢየሩሳሌም የፕሮቴስታንት ጳጳስ ሆነ፤ ወደ እኛም አገር የእጅ ሙያ ያላቸውን ሰባኪዎች ላከ። የለንደኑ ማኅበር በፈረንጅ 1860 ሄንሪ ስተርንን ወደ ቤተ እስራኤል ሰደደ።

አስቡት እንግዲህ። ደምቢያ ውስጥ ያለው ቄስ ለዘመናት «ተጠመቅ» ሲለው የኖረ ቤተ እስራኤላዊ ዘንድ አሁን ከባሕር ማዶ የመጣ «የአንተ መጠመቅ የጌታን መምጣት ያቀርባል» ባይ ደረሰ። መስዋዕታቸው ተነካ፣ መነኮሳቶቻቸው በንጉሡ ፊት ለክርክር ቀረቡ። በ1862 በፈረንጅ አባ መሐሪ የተባሉ መነኩሴ ጊዜው ደርሷል አሉ። ሕዝቡ ከብቱን፣ ቤቱን ትቶ ተከተላቸው። ቀይ ባሕር እንደ ሙሴ ዘመን ይከፈልልናል ብለው በእግር ወደ ኢየሩሳሌም ወጡ። ትግራይ ላይ ረኃብና በሽታ ጨረሳቸው፤ የተረፉት ጥቂቶቹ ተመለሱ። እዚህ ላይ ቀን የቆረጠው ማን ነው? መነኩሴው ብቻ ናቸው ትላላችሁ? ስተርንም አልተመቸውም፤ ስለ ቴዎድሮስ እናት ኮሶ ሻጭነት የጻፈው ንጉሡ ጆሮ ደረሰና በፈረንጅ 1863 ታሰረ። ያ እስር ንግሥት ቪክቶሪያ መልስ ካልሰጠችበት ደብዳቤ ጋር ተዳምሮ መቅደላን አመጣ።

ወደ ከተማችን ልመለስ። እዚህ በፈረንጅ 1884 ቻርልስ ጎርደን ተቀምጦ ነበር። ቀድሞ በነበረው ዓመት ኢየሩሳሌም ሰንብቶ የጎልጎታን ቦታ አገኘሁ ሲል የከረመ፣ ከዚያም በፊት ገነት ሲሼልስ ደሴት ላይ ነበረች ብሎ የጻፈ ጄኔራል ነው፤ መጽሐፍ ቅዱስና ካርታ አንድ ላይ ሲቀመጡለት ደስ የሚለው። ከተማዋን የከበባት ደግሞ ሙሐመድ አሕመድ ነው፤ በፈረንጅ 1881 አባ ደሴት ላይ በዘመን ፍጻሜ የሚጠበቀው ማሕዲ ነኝ ያለው። የሂጅራው አሥራ ሦስተኛ መቶ ዓመት ሊያልቅ ነበርና ሰው ሁሉ የሚጠብቀው ነገር ነበረው። ካርቱም በፈረንጅ ጥር 26 ቀን 1885 ወደቀች፤ ጎርደን ተገደለ፤ ማሕዲውም አምስት ወር ሳይቆይ ሞተ። መቃብሩ ኦምዱርማን ነው፤ ሁላችሁም አልፋችሁበታል። ዓለም አላለቀም፤ ጦርነቱ ግን ቀጠለ። ጎንደር በ1880 ዓ.ም. በማሕዲስቶቹ እጅ አብያተ ክርስቲያናቷ ተቃጠሉ። ገላባት ላይ ነቢዩ ኢሳ (ኢየሱስ) ነኝ ያለ ሰው ተነሥቶ በራሳቸው በማሕዲስቶቹ ተገደለ። ዐፄ ዮሐንስ መጋቢት 1881 መተማ ላይ ወደቁ፤ ራሳቸው ተቆርጦ ኦምዱርማን መጣ። ከዚያ የመጣውን እኛ ክፉ ቀን እንለዋለን፤ ሱዳኖች ሰነት ሲታ ይሉታል። በድንበሩ ግራና ቀኝ ያለው ሰው በአንድ ዘመን በአንድ ረኃብ አለቀ። ሁለቱም ወገን ሰማይ ከእኔ ጋር ነው ብሎ ነበር።

በፈረንጅ 1967 የዐረብ መሪዎች እዚሁ ከተማ ተሰብስበው ከእስራኤል ጋር ሰላም የለም፣ እውቅና የለም፣ ድርድር የለም አሉ። ባለፈው ታኅሣሥ 28 ያቺው ካርቱም የአብርሃምን ስምምነት ፈረመች። በሕዝቅኤል ኢትዮጵያ የተባለችው ኩሽ ከጎግ ጋር ትሰለፋለች ብለው ሱዳንን በካርታ ላይ ቀይ የቀቡ መምህራን አሁን ካርታውን ምን ያደርጉት ይሆን? ሌላ ቀለም ያገኙለታል፤ እኔ አልጠራጠርም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ኢሳይያስ ከኩሽ ምድር ይሰበሰባሉ ያላቸው ሰዎች በእግራቸው ነው የመጡት፤ በዚህ በሱዳን በኩል። ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ቤተ እስራኤል ከጎንደርና ከትግራይ በሌሊት እየተጓዙ ድንበር ተሻገሩ፤ ገዳሪፍ አጠገብ ኡም ራኩባ መጠለያ ገቡ። አይሁድ መሆናቸውን ደብቀው፣ እንደ ማንኛውም ስደተኛ ተመዝግበው። ሰንበት ላይ እሳት ሳያነዱ እንዳይነቃባቸው ባዶ ምድጃ ላይ ድስት ጥደው የተቀመጡ እናቶች ይነገርላቸዋል። ከኅዳር 12 እስከ ታኅሣሥ 27 ቀን 1977 ድረስ ከካርቱም አውሮፕላን ማረፊያ፣ ይቺው አሁን ከበላያችን አውሮፕላን የሚያርፍባት፣ በብራስልስ በኩል ስምንት ሺህ ያህል ሰው ወጣ። ወሬው አደባባይ ሲወጣ የሱዳኑ ፕሬዚዳንት ኒሜሪ አስቆመው። በመንገድና በመጠለያ የሞተው አራት ሺህ ያህል ነው። ስማቸው ኢየሩሳሌም ሄርጽል ተራራ ላይ ተጽፏል፤ አጥንታቸው ግን እዚህ ነው።

በዚያ ጊዜ አሜሪካና አውሮፓ ያሉ የትንቢት መምህራን ይህን «ትንቢት ተፈጸመ» አሉ። ይበሉ። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፤ ኡም ራኩባ ላይ ኩፍኝ የያዘውን ልጅ ውኃ ያጠጣው ማን ነበር? በንጥቀቱ ሰንጠረዥ መጨረሻ ላይ፣ ዘካርያስን ይዘው፣ ከአይሁድ ሦስት እጅ ሁለቱ ያልቃሉ ብለው የሚያስተምሩ አሉ። እስራኤልን እንወዳለን እያሉ። እንዲህ ዓይነት ፍቅር ለእኔ አይገባኝም። በዚያው ሰንጠረዥ ላይ ደግሞ ቤተ ልሔም ያለው ፍልስጤማዊ ክርስቲያን፣ ከእኛ ጋር አንድ ጌታ የሚያመልከው፣ ጭራሽ ስሙም የለም። ጳውሎስ ወደ ሮሜ ሰዎች ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ባለው ምዕራፍ እግዚአብሔር ሕዝቡን አልጣለም አለ፤ ተክተናቸዋል ብላችሁ አትኩሩ አለን፤ መጨረሻው ግን የማይመረመር ምስጢር ነው ብሎ በምስጋና ዘጋው። የዛሬዋ የእስራኤል መንግሥት መንግሥት ናት፤ ፍትሕ ስትሠራ ልትመሰገን፣ ግፍ ስትሠራ ልትወቀስ የሚገባት፣ እንደ ካርቱሙም እንደ አዲስ አበባውም። የኔ ፍርድ ይህ ነው፤ የማይስማማ በጥያቄው ሰዓት ይምጣብኝ።

ስንከራከር ደግሞ እንዴት እንደምንከራከር አንድ ምሳሌ አለን፤ ከዚሁ ከአባይ ዳር፣ ወደ ታች ከፋዩም። በሦስተኛው መቶ ዓመት ኔፖስ የተባለ የአርሲኖዬ ጳጳስ ሺሁ ዓመት በምድር ነው ብሎ ጽፎ ሞተ፤ ከሞተ በኋላ መንደሮች ተከፋፈሉ። የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ዲዮናስዮስ አላወገዘም። መንደር ድረስ ወርዶ ቀሳውስቱንና መምህራኑን ሰበሰበና መጽሐፉን ከጠዋት እስከ ማታ ሦስት ቀን አብሮ መረመረ። አስቀድሞ ሟቹን ኔፖስን በዝማሬውና በእምነቱ አመሰገነ። በመጨረሻ የዚያ ወገን መሪ ኮራቅዮን በሕዝብ ፊት ከእንግዲህ ይህን አላስተምርም አለ። ዲዮናስዮስም በኋላ ሲጽፍ የተሰበሰቡትን ወንድሞች ትዕግሥትና እውነት ወዳድነት ነው ያደነቀው። እኛ ግሩፕ ላይ በሦስት ደቂቃ «ውጣ» ተባብለን የምንጨርሰውን።

እንግዲህ ከእናንተ የምለምነው ሁለት ነገር አለኝ። ኡም ራኩባ ከባለፈው ኅዳር ጀምሮ እንደገና ተከፍቷል፤ አሁን ያለው ከትግራይ ጦርነት የሸሸ ሕዝባችን ነው። ክረምቱ ሊገባ ነው፤ ያ ምድር ጥቁር ጭቃ ሲሆን መኪና አያልፍም። ከየቤተ ክርስቲያናችሁ፣ ከተዋሕዶውም ከወንጌላውያኑም፣ ላስቲክና ብርድ ልብስ ሰብስቡና መንገዱ ሳይዘጋ ላኩ። ሁለተኛው ለእናንተ በ1970ዎቹ ገዳሪፍና ኡም ራኩባ ለኖራችሁ አዛውንት ነው። ቤተ እስራኤሎቹ የተቀበሩበትን ቦታ የምታስታውሱ ከመካከላችሁ ትኖራላችሁ። ዕድሜ አይጠብቅም፤ ከመሄዳችሁ በፊት በሩ ላይ ያለው ልጅ ጋ ስልካችሁን አስመዝግቡ፤ ድምፃችሁን እንቀዳለን።